የባለቤት ስያሜና የጎረቤት ስያሜ፦ የሕዝቦች መጠሪያ በመዝገበ ቃላትና በትርጉም ሥራ

ሀ. መነሻ

ከነቀምቴ ተነሥቶ በጊምቢ፣ በነጆና በመንዲ አልፎ አሶሳ የሚደርሰው መንገድ ለቋንቋ ተመራማሪ ልዩ ትምህርት የሚሰጥ መንገድ ነው። በኢትዮጵያ የሚታወቁት አራቱ ታላላቅ የቋንቋ ወገኖች፣ ይኸውም ሴማዊው፣ ኩሻዊው፣ ኦሟዊውና ናይሎ ሰሐራዊው፣ በቀድሞው የወለጋ ጠቅላይ ግዛት ክልል ውስጥ ተገናኝተው ይገኛሉ። ሰፊውን ስፍራ የያዘው ኦሮምኛ ነው፤ አማርኛ በመሥሪያ ቤት፣ በንግድና በየመንደሩ ይነገራል፤ ጉሙዝኛ በዴዴሳና በአንገር ሸለቆዎች፣ በርታኛ በአሶሳ ዙሪያ፣ የማኦና የኮሞ ቋንቋዎች በቤጊና በቶንጎ አካባቢ ይነገራሉ።

እንዲህ ተቀራርበው የሚኖሩ ሕዝቦች አንዱ ለሌላው ስም ያወጣል። ከዚህ የተነሣ አንድ ሕዝብ ብዙ ጊዜ ሁለት ስም ይኖረዋል፤ አንደኛው ራሱን የሚጠራበት ሲሆን ሁለተኛው ሌሎች የሚጠሩበት ነው። በዚህ ጽሑፍ የመጀመሪያውን የባለቤት ስያሜ፣ ሁለተኛውን የጎረቤት ስያሜ እንለዋለን። «ባለቤት» ስንል የስሙን ባለቤት እንጂ የመሬትን ባለቤት ማለታችን እንዳልሆነ አስቀድሞ ሊታወቅ ይገባል።

የጎረቤት ስያሜ ሁሉ ስድብ አይደለም። ስድብ የሆነው ግን ከሌላው ስድብ የሚለይበት ጠባይ አለው። ተራ ስድብ አንድን ሰው ስለ ሠራው ሥራ ወይም ስለ ጠባዩ ይነካዋል፤ የጎረቤት ስድብ ግን ሰውን ስለ ተወለደበት ወገን ይነካዋል፤ ልጁንም ከመወለዱ በፊት ይጠብቀዋል። መዝገበ ቃላት አዘጋጅና ተርጓሚ ይህን ዓይነት ቃል በሚያገኙበት ጊዜ ምን ማድረግ አለባቸው? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ በተለይ ከወለጋ ከተሞችና ከአካባቢያቸው በተወሰዱ ምሳሌዎች ማብራራትና ለአሠራር የሚረዱ ጥቂት ሐሳቦችን ማቅረብ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የንቀት ቃላት የሚጠቀሱት ቃሉ ራሱ የምርመራው ጉዳይ በሆነበት ስፍራ ብቻ ነው።

ለ. አንድ ቃል፣ ብዙ ሕዝብ

በመጀመሪያ «ሻንቅላ» የሚለውን ቃል እንመልከት። ቃሉ በደጋው አገር ሰዎች አንደበት ለረዥም ዘመን በምዕራብ ቆላ የሚኖሩ ጥቁር ሕዝቦች ሁሉ የጋራ መጠሪያ ሆኖ ኖሯል። እስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ውስጥም ከደጋው ሰዎች እንደ ሰማው አድርጎ አስገብቶታል። እንዲህም ሆኖ ቃሉ ከአገር ውስጥ አንደበት ወደ ውጭ አገር መጽሐፍ፣ ከመጽሐፉም ወደ ካርታ ተሻገረ።

ይህ ቃል ከሥነ ልሳን አንጻር ሲመረመር ምንም ዓይነት አንድነት የሌላቸውን ወገኖች በአንድ ጆንያ የከተተ ሆኖ ይገኛል። ጉሙዝኛና በርታኛ በናይሎ ሰሐራዊ ወገን የሚመደቡ ሲሆኑ እርስ በርሳቸው የማይግባቡ፣ እጅግም የተራራቁ ቋንቋዎች ናቸው፤ የጉሙዝኛ አመዳደብ እንዲያውም እስከ ዛሬ ድረስ ያከራክራል። ኮሞና ክዋማ የኮማን ቅርንጫፍ ናቸው። ሆዞ፣ ሴዞና ባምባሲ የሚባሉት የማኦ ቋንቋዎች ደግሞ ኦሟዊ ናቸው። ስለዚህ ቃሉ ቋንቋን አይገልጽም፤ አገርንም አይገልጽም፤ የጋራ ታሪክንም አይገልጽም። የሚገልጸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ተናጋሪው በተጠሪው ላይ የነበረውን አመለካከት ነው።

ይህ አመለካከት ከባርነት ታሪክ ተለይቶ ሊታይ አይችልም። የምዕራቡ ቆላ ሕዝቦች ለብዙ ዘመን በባሪያ ፈንጋዮች ሲዘረፉ ኖረዋል። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን የባሪያ ንግድን ለማጥፋት ግዴታ ገባች፤ በዚያው ዓመትም ባሮችን ቀስ በቀስ ነጻ የሚያወጣ ዐዋጅ ወጣ፤ በ1934 ዓ.ም. ደግሞ ባርነት በሕግ ፈጽሞ ተሻረ። ሕግ ግን የሰውን ሁኔታ ሲሽር የሰውን መጠሪያ አብሮ አይሽርም። ባርነቱ ከቀረ በኋላ ስሙ በገበያና በመንደር ሰማንያ ዓመት ተሻግሮ የተሰማው ከዚህ የተነሣ ነው።

እዚህ ላይ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ማኦ» የሚለው ስም ራሱ ከችግር ነጻ አይደለም። በቤጊና በቶንጎ አካባቢ ጎረቤቶቻቸው ማኦ ከሚሏቸው ሰዎች መካከል ኦሟዊ ቋንቋ የሚናገሩ አሉ፤ ኮማን የሆነውን ክዋማን የሚናገሩም አሉ። መዝገበ ቃላት አዘጋጅ አንዱን የጎረቤት ስያሜ አስወግዶ ሳያውቅ ሌላውን የጎረቤት ስያሜ እንዳይተካ፣ ተናጋሪዎቹ ራሳቸውን በራሳቸው ቋንቋ ምን ብለው እንደሚጠሩ በስፍራው መጠየቅ ይኖርበታል።

ሐ. የግብር ስም የልደት ስም ሲሆን

ሁለተኛው ዓይነት መጠሪያ ከሥራ የሚነሣ ነው። በወለጋ ኦሮሞዎች ዘንድ ብረት ሠሪው «ቱምቱ» ይባላል፤ ቃሉ «ቱሙ» ከሚለው፣ መቀጥቀጥ የሚል ፍቺ ካለው የኦሮምኛ ግሥ የወጣ ነው። ቆዳ የሚያለፋው «ፋቂ» ይባላል፤ ይህም ፋቀ ከሚለው የአማርኛ ግሥ የወጣና ወደ ኦሮምኛም የተሻገረ ነው። ቀድሞ በአደን ይኖሩ የነበሩት ደግሞ «ዋታ» ይባላሉ። እነዚህ ወገኖች ከገበሬው ጋር አንድ ቋንቋ ይናገራሉ፤ በአንድ ገበያ ይገበያያሉ፤ ማረሻውንና ቢላዋውን፣ ኮርቻውንና ጠፍሩን የሚያቀርቡትም እነርሱ ነበሩ። ነገር ግን ገበሬው በጋብቻ አይዛመዳቸውም ነበር፤ በአንድ ማዕድ መቅረብንም ይሸሽ ነበር።

በአማርኛ «ጠይብ» የሚለው ቃል የተጓዘው መንገድ ከሁሉ ይልቅ ያሳዝናል። ቃሉ በግእዝ ብልህ፣ ዐዋቂ፣ ባለ ጥበብ የሚል ፍቺ ካለው «ጠቢብ» የተገኘ ነው። ምስጋና የነበረው ቃል በጊዜ ብዛት ስድብ ሆነ፤ ከ«ቡዳ» ጋርም ተጣመረ። ዐፄ ምኒልክ በዘመነ መንግሥታቸው መጨረሻ ዓመታት ባወጡት የታወቀ ዐዋጅ ሕዝቡ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውንና ሌላውን ባለ እጅ በእንዲህ ያለ ስም መስደቡን አጥብቀው ከልክለዋል። ከዚህ የምንረዳው ስለ መጠሪያ ማሰብ የዛሬ ዘመን ፈሊጥ አለመሆኑን ነው። በአንጻሩም ዐዋጅ ብቻውን ቃልን ከአንደበት ሊነቅል እንደማይችል እንረዳለን፤ ቃሉ ከዐዋጁ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ኖሯልና።

የዚህን ለውጥ ሰዋስዋዊ ባሕርይ ልብ ማለት ይጠቅማል። ፋቂ፣ ሰፋሪ፣ ቀዳሲ የመሳሰሉት ቃላት በነባሩ የሰዋስው ትምህርት ሣልስ ቅጽል የሚባሉ ናቸው፤ ግብሩን የሚያደርገውን ሰው ያመለክታሉ። የሚቀድስ ቀዳሲ ይባላል፤ መቀደሱን ሲተው ወይም ልጁ ነጋዴ ሲሆን ልጁን ቀዳሲ የሚለው የለም። ቆዳ ፍቆ የማያውቀው የፋቂ ልጅ ግን ፋቂ ይባላል። እንግዲህ ቃሉ መልኩን ሳይለውጥ ከግብር ስምነት ወደ ልደት ስምነት ተሻግሯል ማለት ነው። አንድ የሥራ ስም ወደ ዘር ስም መለወጡን ለማወቅ ቀላሉ መመርመሪያ ይህ ነው፤ ሰውየው ሥራውን ሲተው ስሙ ይተወዋል ወይስ አይተወውም?

ይህ መመርመሪያ በዘመናችን ለተፈጠሩ መጠሪያዎችም ያገለግላል። በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ድርቅ ምክንያት መንግሥት በብዙ ሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎችን ከሰሜን፣ በተለይም ከወሎ፣ አንሥቶ በወለጋ ክፍለ ሀገር በአሶሳ፣ በአንገርና በቄቶ አስፍሯል። በዚያን ጊዜ «ሰፋሪ» የሚለው ቃል የአስተዳደር ቃል ነበር፤ የእህል ዕደላና የመሬት ድልድል ይሠራበት ነበር። ዛሬ ግን በዚያው ስፍራ ተወልዶ፣ በዚያው ስፍራ ወልዶ፣ የአካባቢውን ቋንቋ እንደ እናቱ ቋንቋ የሚናገር ሰው «ሰፋሪ» ሲባል ይሰማል። ይህ ሰው ከየትም መጥቶ የትም አልሰፈረም። ነፍጥ ከታጠቀ ወታደር ሥራ የወጣው «ነፍጠኛ» የሚለው ቃልም እንዲሁ ነፍጥ ይዞ ለማያውቅ የአማራ ገበሬና አስተማሪ መጠሪያ ሆኖ ሲነገር ሰምተናል። በአንጻሩም ለአንድ የታጠቀ ቡድን የወጣ ስም ምንም ትጥቅ በሌለው ኦሮሞ ላይ ሲለጠፍ ሰምተናል።

ነገሩ የሰዋስው ብቻ አለመሆኑን የቅርብ ዘመን ታሪክ ይመሰክራል። በ2011 ዓ.ም. መግቢያ በካማሺና በምሥራቅ ወለጋ አዋሳኝ በተነሣው ግጭት በብዙ አሥር ሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቅሏል። ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ ጊምቢ ወረዳ ቶሌ በተባለው ስፍራ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰላማውያን ሰዎች፣ አብዛኞቹ አማሮች፣ ተገድለዋል። ቃል ብቻውን ሰው አይገድልም። ይሁን እንጂ በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰው የሚለየው በሠራው ሥራ ሳይሆን በተጠራበት ስም ነው፤ ስሙም አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ይገኛል።

መ. የባለቤት ስያሜ ሲመለስ

የጎረቤት ስያሜ የማይለወጥ ዕጣ አይደለም። ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ የኦሮሞ ሕዝብ መጠሪያ ነው። እንደሚታወቀው «ጋላ» የሚለው የጎረቤት ስያሜ እስከ 1966ቱ አብዮት ድረስ በመጽሐፍም በመንግሥት ጽሕፈትም ይሠራበት ነበር። በአውሮፓ የቋንቋ ጥናት መጻሕፍትም የተለመደው ይኸው ነበር። ካርል ቱቼክ የተባለው ጀርመናዊ ያዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ1844 በሙኒክ የታተመው የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት በዚያ ስም የወጣ ነው። ለዚህ መዝገበ ቃላት ቃሉን የሰጡት በባርነት ተወስደው አውሮፓ የደረሱ የኦሮሞ ወጣቶች ነበሩ። ቃላቱ የእነርሱ ሲሆኑ በሽፋኑ ላይ የታተመው የሕዝባቸው ስም የጎረቤት ነበር።

ይህን ሁኔታ ከወለጋ ጋር የሚያገናኘው የኦነሲሞስ ነሲብ ሥራ ነው። ኦነሲሞስ በሕፃንነቱ ከቤተሰቡ ተሰርቆ ለባርነት ተሸጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1870 በምጽዋ ነጻ ወጣ፤ በዚያም በስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ተማረ። ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ ያዘጋጀው የንባብ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1894 በምንኩሉ ታተመ። አስቴርም ራሷ ከባርነት ነጻ የወጣች ስትሆን የኦሮምኛን ቃላት፣ ተረቶችና ዘፈኖች በመሰብሰብ ረድታዋለች። መጽሐፉ በኦሮምኛ «ጀልቀበ በርሲሳ»፣ የማስተማር መጀመሪያ፣ ተባለ፤ በእንግሊዝኛው አርእስቱ ላይ ግን የሕዝቡ ስም የተጻፈው ጎረቤቱና የውጭ አገሩ ሰው በሚያውቀው ስያሜ ነበር። አንድ መጽሐፍ ወደ ውስጥ ለባለቤቱ፣ ወደ ውጭ ለእንግዳው ሁለት ፊት ይዞ ወጣ። ኦነሲሞስ የተረጐመው ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ በግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1899 በስዊስ አገር ታተመ። እርሱም በ1896 ዓ.ም. ገደማ ወደ ወለጋ ገብቶ በነቀምቴ ሲያስተምር ኖሮ በ1923 ዓ.ም. ዐረፈ።

ከአብዮቱ በኋላ «ኦሮሞ» የሚለው የባለቤት ስያሜ በሕዝብ መገናኛና በመንግሥት ጽሕፈት ጸና፤ የጎረቤቱ ስያሜም ከመደበኛ አገልግሎት ወጣ። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የአማርኛ ተናጋሪዎች የቆየ ልማዳቸውን ለውጠዋል። ስለዚህ «ሕዝቡ ለምዶታል፤ አይለወጥም» የሚለው ክርክር በገዛ ታሪካችን ውድቅ የሆነ ክርክር ነው። የከተማይቱ ስም እንኳ በቆዩ ጽሑፎች «ለቀምት» ይባል እንደነበረና ዛሬ በባለቤቶቹ አጠራር «ነቀምቴ» እንደሚባል አንባቢ ያስታውሳል።

ሠ. የሌላው ዓለም ምሳሌ፦ የሮማኒ ሕዝብ

ከዚህ በላይ የተመለከቱት ሁለት ነገሮች፣ ማለትም የጎረቤት ስያሜና ከሥራ የተነሣ መገለል፣ በአንድ ሕዝብ ላይ ተደራርበው የሚታዩት በአውሮፓ ነው። እንግሊዞች «ጂፕሲ»፣ ስፓኛውያን «ጂታኖ» የሚሉት ሕዝብ ስሙን ያገኘው ከግብጽ ነው፤ አውሮፓውያን ከግብጽ የመጣ መስሏቸው ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1780ዎቹ ዓመታት የጀርመን ሊቃውንት ቋንቋውን ከሕንድ ቋንቋዎች ጋር አነጻጽረው አመጣጡ ከሕንድ መሆኑን አስረዱ። ሥነ ልሳን የስሙን ስሕተት ገለጠ፤ ስሙ ግን እንዳለ ቀረ።

ይህ ሕዝብ በብረትና በመዳብ ሥራ፣ በፈረስ ንግድና በሙዚቃ የታወቀ ነው። በዛሬዋ ሩማንያ በነበሩት በዋላኪያና በሞልዳቪያ እስከ እ.ኤ.አ. 1850ዎቹ አጋማሽ ድረስ በባርነት ተይዞ ነበር። በናዚዎች ዘመን ደግሞ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቹ ተገድለዋል። ለሥነ ቃላት ሰዎች ከሁሉ የሚያስተምረው ከጦርነቱ በኋላ የሆነው ነው። የምዕራብ ጀርመን ከፍተኛው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1956 በሰጠው ፍርድ፣ እስከ 1943 መጀመሪያ ድረስ በዚህ ሕዝብ ላይ የተፈጸመው ሥራ በዘር ምክንያት ሳይሆን ወንጀልን ለመከላከል የተደረገ ነው አለ። በዚህም ብዙዎች ካሳ ተከለከሉ። ፍርዱ በከፊል የታረመው በ1963 ነው። አንድን ድርጊት «በዘር ምክንያት» ማለትና አለማለት የቃል ምርጫ ብቻ ይመስል ይሆናል፤ እዚህ ላይ ግን የሰው ጉሮሮ ጉዳይ ሆኖ ተገኘ።

እ.ኤ.አ. በ1971 በለንደን አጠገብ የተሰበሰበው የዚህ ሕዝብ የመጀመሪያ ዓለም አቀፍ ጉባኤ የጎረቤት ስያሜዎችን ትቶ «ሮማ» የሚለውን የባለቤት ስያሜ ተቀበለ። «ሮም» በቋንቋቸው ወንድ፣ ባል ማለት ሲሆን «ሮማ» ብዙ ቁጥሩ ነው። ለአማርኛ ተርጓሚ እዚህ ላይ አንድ ችግር ይገጥመዋል። በእኛ ቋንቋ ሮምና ሮማ ከጥንት ጀምሮ የኢጣሊያ ዋና ከተማ ስም ናቸው፤ «የሮማ ሕዝብ» ቢባል አንባቢ የሚረዳው ሌላ ነው። ስለዚህ «የሮማኒ ሕዝብ»፣ «ሮማኒኛ» ቢባል የባለቤቱን ስም የጠበቀ፣ ለአንባቢም ግልጽ የሆነ ስያሜ ይሆናል ብለን እናምናለን። «ጂፕሲ» በቆየ ጽሑፍ ውስጥ ሲገኝ ብቻ በትእምርተ ጥቅስ ቢቀመጥ ይበቃል።

ረ. ዘር፣ ትውልድ፣ ብሔር

የሕዝቦች መጠሪያ የሚፈታባቸው ጥቅል ቃላትም ምርመራ ይሻሉ። «ዘር» በመሠረቱ የሚዘራ ነገር ነው፤ ከዚያም ትውልድ፣ ወገን ማለት ሆነ። የሰዋስው መምህራን እንኳ ከግሥ የሚወጣውን ስም ሳቢ ዘር፣ ጥሬ ዘር እያሉ ይጠሩበታል። የዛሬው አማርኛ ይህን አንድ ቃል በቆዳ ቀለም ለሚደረግ መድሎም፣ በብሔረሰብ ለሚደረግ መድሎም፣ በቤተሰብ የትውልድ ሐረግ ለሚደረግ መድሎም ይሠራበታል።

ጉዳቱ በሕግ ትርጉም ላይ ጎልቶ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣውና ኢትዮጵያ በ1968 ዓ.ም. የተቀበለችው የዘር ልዩነትን የሚያስወግደው ዓለም አቀፍ ስምምነት በመጀመሪያው አንቀጹ አምስት ምክንያቶችን ለይቶ ይዘረዝራል፤ እነርሱም ዘር፣ ቀለም፣ የትውልድ ሐረግ፣ የአገር አመጣጥና የብሔረሰብ አመጣጥ ናቸው። ስምምነቱን የሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2000 ስለ ሮማኒ ሕዝብ፣ በ2002 ደግሞ ስለ ትውልድ ሐረግ አጠቃላይ ምክር አውጥቷል። በሁለተኛው ምክር መሠረት «የትውልድ ሐረግ» የሚለው ቃል ከአባት ወደ ልጅ በሚወርድ የማኅበራዊ ደረጃ ሥርዓት የሚገለሉትን ሁሉ ይሸፍናል። እንግዲህ ቱምቱና ፋቂ የሚባሉት ወገኖች በቋንቋም በብሔረሰብም ከጎረቤታቸው ጋር አንድ ስለ ሆኑ፣ በስምምነቱ ውስጥ ጥላ የሚያገኙት በዚህ አንድ ቃል ብቻ ነው። ተርጓሚው አምስቱን ጠቅልሎ «ዘር» ቢላቸው ዐረፍተ ነገሩ ያማረ ሊሆን ይችላል፤ የእነዚህ ሰዎች መጠለያ ግን ፈርሷል።

«ብሔር» የሚለውም ቃል ብዙ ተጉዟል። በግእዝ ብሔር አገር፣ ምድር ማለት ነው፤ «እግዚአብሔር» የሚለው ስም ራሱ የዓለም ጌታ የሚለውን ፍቺ የያዘ ነው። ብሔራዊ ባንክ፣ ብሔራዊ ቴአትር፣ ብሔራዊ ቡድን ስንል ይኸው የአገር ፍቺ ይቀጥላል። ከአብዮቱ ዘመን ወዲህ ግን «ብሔር» ያለ ቅጥያው በአገሪቱ ውስጥ ከሚኖሩት ሕዝቦች አንዱን የሚያመለክት ቃል ሆኗል። ውጤቱ እንግዳ ነው፤ ስሙ ክፍሉን፣ ከስሙ የወጣው ቅጽል ግን ምሉኡን ያመለክታል። በ1968 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ዲሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም ስለ ብሔረሰቦች መብት ሲናገር ሁለቱን አገባቦች በአንድ ላይ የያዘ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 39 «ብሔር»፣ «ብሔረሰብ»ና «ሕዝብ» ለሚሉት ሦስት ቃላት አንድ የጋራ ፍቺ ሰጥቷል። ለሕግ አውጪ ይህ በቂ ሊሆን ይችላል። መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ግን ሦስቱ ቃላት በሕዝብ አነጋገር አንድ ዓይነት አገባብ እንደሌላቸው ሊያሳይ ይገባዋል። ተርጓሚም «ብሔራዊ አመጣጥ» ብሎ ከመጻፉ በፊት አንባቢው አገርን ይረዳ ወይም ብሔረሰብን ይረዳ እንደሆነ መመዘን አለበት፤ እኛ ከላይ «የአገር አመጣጥ» ያልነው ስለዚህ ነው።

ሰ. ለአሠራር የቀረቡ ሐሳቦች

ከዚህ በላይ ከተመለከተው በመነሣት የሚከተሉትን ሐሳቦች እናቀርባለን።

1. የንቀት መጠሪያ ከመዝገበ ቃላት አይሰረዝም። ዳኛ፣ የታሪክ ተመራማሪና ተርጓሚ ቃሉን ፈልገው ሊያገኙት ይገባል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው ዐዋጅ በሥራ ላይ ሲውል አንድ ቃል በምን አገባብ ንቀት እንደሚሆን የሚያስረዳ መዝገብ ያስፈልጋል። ቃሉን መሰረዝ ማስረጃን መሰረዝ ነው።

2. ፍቺው ተጠሪውን ብቻ ሳይሆን ጠሪውንም ይናገር። ለጎረቤት ስድብ «ጥቁር ሰው» ወይም «የቆላ ሰው» የሚል ፍቺ ሲሰጠው የጠሪው ንቀት የተጠሪው መልክ ሆኖ ይቀራል። ማን፣ ማንን፣ በምን ዘመን እንዲህ ይል እንደነበረ መገለጽ አለበት።

3. ምሪቱ ሁልጊዜ ከጎረቤት ስያሜ ወደ ባለቤት ስያሜ ይሁን። በባለቤት ስያሜ ሥር ስድቡን እንደ ተመሳሳይ ቃል መዘርዘር አይገባም።

4. የግብር ስም የልደት ስም ከሆነ ሁለቱ ፍቺዎች በቁጥር ይለዩ።

5. የቆየ ሰነድ በሚተረጐምበት ጊዜ ቃሉ እንዳለ ይቀመጥ፤ አይለዝብ። ሰነዱ «ባሪያ» ያለውን «ሠራተኛ» ማለት የደረሰውን በደል መሸፈን ነው። ተርጓሚው ራሱ በሚጽፈው መቅድምና ማብራሪያ ውስጥ ግን የባለቤት ስያሜን ይጠቀም።

6. የአገባብ ምሳሌ የሚሆን ዐረፍተ ነገር ሲመረጥ ንቀቱ የአዘጋጁ ድምፅ እንዳይመስል ጥንቃቄ ይደረግ። በተረትና ምሳሌ ውስጥ የሚገኙ እንዲህ ያሉ አባባሎች ምንጫቸውና ዘመናቸው ካልተገለጸ ለምሳሌነት አይበቁም።

እነዚህን ሐሳቦች በሥራ ለማሳየት ሦስት አፈታቶችን ለናሙና እናቀርባለን።

ሻንቅላ፦ (ስም፤ የንቀት) የደጋ አገር ሰዎች በምዕራብ ኢትዮጵያ ቆላ የሚኖሩ ልዩ ልዩ ሕዝቦችን ሳይለዩ በአንድነት ይጠሩበት የነበረ፣ ከባርነት ዘመን ጋር የተያያዘ መጠሪያ። ሕዝቦቹ ራሳቸውን በዚህ ስም አይጠሩም። ጉሙዝ፣ በርታ፣ ኮሞ፣ ክዋማ፣ ማኦ የሚሉትን ተመልከት።

ጠይብ፦ (ስም፤ ከግእዝ ጠቢብ) 1. የእጅ ሥራ ዐዋቂ፤ ብረት ሠሪ፣ አንጥረኛ። 2. (የንቀት) ባለ እጆችንና ከእነርሱ የተወለዱትን፣ ሥራውን ቢሠሩም ባይሠሩም፣ ከጋብቻና ከማዕድ የሚያገሉ ሰዎች የሚሏቸው።

ሰፋሪ፦ (ስም፤ ከሰፈረ) 1. ከአንድ ስፍራ ተነሥቶ በሌላ ስፍራ የሰፈረ ሰው። 2. (የማግለል) ወላጆቹ ወይም አያቶቹ ከሌላ ስፍራ የመጡበትን ሰው በተወለደበት አገር እንግዳ ለማድረግ የሚባል።

በሦስተኛው ቃል ላይ አንድ ነገር እንጨምር። በ1995 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል ሕገ መንግሥት በርታን፣ ጉሙዝን፣ ሺናሻን፣ ማኦንና ኮሞን የክልሉ ባለቤት ብሔረሰቦች ብሎ ሲሰይም በክልሉ የሚኖሩትን ሌሎች ሕዝቦች ለይቶ ይጠቅሳል። ለብዙ ዘመን በስድብ ስም ሲጠሩ የኖሩት ሕዝቦች በስማቸው በሕግ መጻፋቸው ታላቅ ነገር ነው። በዚያው ጊዜ «ሌሎች» የሚለው መደብ በሕዝብ አንደበት ወደ አዲስ የጎረቤት ስያሜ እንዳይለወጥ መጠበቅ ይገባል። የትናንቱ ተሰዳቢ የዛሬ ሰያሚ ሊሆን ይችላልና፣ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ለሁለቱም አንድ ሚዛን ይያዝ።

ሸ. መደምደሚያ

ኦነሲሞስ በልጅነቱ «ሂካ» ይባል ነበር። ቃሉ ከኦሮምኛው «ሂኩ» ግሥ የወጣ ነው፤ ግሡም መፍታትም መተርጐምም ማለት ነው። በአማርኛም ፍቺ የምንለው ፈታ ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች፣ አንዱ ኩሻዊ ሌላው ሴማዊ ሲሆኑ፣ የቃልን ትርጉም መስጠትን በአንድ ምሳሌ አይተውታል፤ የታሰረውን መልቀቅ አድርገውታል። በሕዝቦች መጠሪያ ላይ የሚሠራ ባለ መዝገብም ከዚህ የተለየ ተግባር የለበትም። ስሙን በማን እጅ እንደታሰረ፣ ማንንም እንዳሰረ ካሳየ ፈትቶታል፤ ይህን ሳያሳይ ፍቺ ሰጠሁ ካለ ግን ቋጠሮውን አጥብቆታል። ባልደረቦቻችን በየአውራጃው ቋንቋዎች የሰበሰቧቸውን የባለቤት ስያሜዎች ከነአነባበባቸው ቢልኩልን በሚቀጥሉት የቃላት ዝርዝሮች ውስጥ በየተራቸው እናወጣቸዋለን።